የልብስ ሰፊው የጾም መንጠቆ

ይህን እንድጽፍ የተደረግሁት እኔ ነኝ። የገብርኤል ማኅበራችን "የባዘዘው ነገር ሳይረሳ ይጻፍ" ብሎ ሲወስን፣ በመካከላችን ያሉት የተማሩ ሰዎች ሁሉ በዚያው ቅጽበት ሥራ በዛባቸው። አንዱን ዓይኑን አመመው፣ የአንዱ መነጽር ጠፋ። እኔ ሰበብ መፍጠር ስለማልችልበት ዝም አልሁ፤ ዝም ያለ ሰው ደግሞ እሺ እንዳለ ይቆጠራል። ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ነው። ፊደል የሳትሁበት ቦታ ካለ አንባቢ እያስተካከለ ያንብብልኝ።

ባዘዘው አምበር ከተማ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። የስፌት መኪናውን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ካስቀመጠ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እኔ ከጎኑ በከሰል ካውያ ልብስ እተኩሳለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ደንበኛ ሲመጣ "ሐሙስ ና" ይለዋል። እስከማስታውሰው ድረስ ሐሙስ የደረሰ ልብስ የለም። በዚህ በኩል ከአቋሙ ተዛንፎ አያውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት ራሱን ሲያዞረው ደብረ ማርቆስ ሄዶ ታየ። ደም ግፊት ነው ተባለ። ሐኪሙ ጨው ቀንስ አለው፤ ቀጥሎም "አእምሮህን የሚያሳርፍ ነገር ፈልግ" አለው። ሌላ ሰው ቢሆን ተኝቶ ያርፍ ነበር። ባዘዘው ግን መንጠቆና የናይለን ክር ገዝቶ ተመለሰ።

እንግዲህ በእኛ አገር ጎልማሳ ሰው፣ ሚስትና ልጅ ያለው ሰው፣ ዘንግ ይዞ ወንዝ ዳር ሲቀመጥ ምን እንደሚባል መናገር አያስፈልገኝም። የመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ገበሬ፣ ባዘዘው ውኃው ላይ አፍጥጦ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲቀመጥ አይቶ፣ ራሱን ሊጥል ነው ብሎ ፈራ። አጠገቡ ተቀምጦ "ያልፋል ወንድሜ፣ ሁሉም ያልፋል" እያለ ሲያጽናናው ዋለ። ዓሣው በሙሉ በማጽናኛው ሸሸ።

ዘንጉ ቀርቀሃ ነው። ክሩን የሚጠቀልልበት ባዶ የክር ማጠንጠኛ ሲሆን ከቀርቀሃው ጋር በሽቦ አስሮታል። ወንዙ ከከተማው በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ይርቃል፤ አለት ሥር ገብቶ የሚጠልቅበት ቦታ አለ፣ ጨለማ ባሕር ይሉታል። እዚያ አምባዛ አለ፤ በአፉ ዳርና ዳር ትንንሽ ጺም ያለው ነጭ ዓሣም አለ። ባዘዘው የሚፈልገው ነጩን ነው። አምባዛ ያገኘውን ይውጣል፤ ነጩ ግን አይቶ፣ ዞሮ፣ አስቦ ነው የሚነክስ። "ሰው ይመስላል" ይለኛል። የያዘውን ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔም ቸርነት መስሎኝ እወስዳለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ባለፈው ኅዳር አሥራ አምስት፣ የነቢያት ጾም ሲገባ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚያጠምደው በትል ነበር። የዚያን ቀን የባዘዘው ቤተ ሰብ የንስሐ አባት ቄስ አምደሚካኤል ቀሚሳቸውን ሊያስጠልፉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ባዘዘው መቀሱን አስቀምጦ ጠየቀ።

"አባቴ፣ ትል ሥጋ ነው?"

"የምን ትል?"

"መሬት ቆፍረን የምናወጣው።"

"ልትበላው ነው?"

"ኧረ እኔስ አልበላም። ዓሣው ነው የሚበላው። ዓሣውን ደግሞ ሰው ይበላዋል።"

ቄሱ የተጠለፈውን ጫፍ አገላብጠው አዩ። "ልጄ፣ የዓሣው ንስሐ አባት እኔ አይደለሁም" ብለውት ቀሚሳቸውን ይዘው ሄዱ።

እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ባዘዘው ግን እንደ ትልቅ ትርጓሜ ይዞት ዋለ። ወደ ማታ ላይ "አየህ አንሙት" አለኝ፤ "ዓሣ ንስሐ አባት የለውም አሉኝ። ንስሐ አባት የሌለውን ፍጥረት በጾም ሥጋ አብልቼ ባስተው ዕዳው ማን ላይ ነው?"

"ጋሼ፣ ዓሣው እንደሆነ ቀኑን ሙሉ ትንኝና ትል ሲበላ ነው የሚውል" አልሁት፤ በቀስታ ነው ያልሁት።

"እሱ በራሱ ጊዜ ነው። እኔ አላጎረስሁትም።"



በአራተኛው ቀን፣ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ፣ ማኅበሩ በሙሴው በአቶ ገዳሙ ቤት ተሰበሰበ። ሙሴ የምንለው የማኅበሩን አለቃ ነው። የሺዋስም ነበረ። የሺዋስ ሥጋ ሻጭ ነው፤ በጾም ቤቱ ይዘጋልና ያን አርባ ምናምን ቀን አፉን ነው የሚከፍተው።

"ባዘዘው" አለ፣ "እኔ ሥጋ ቤቴን ዘጋሁ። አንተስ ወንዙን አትዘጋም?"

"የእኔ መንጠቆ ጾመኛ ነው። በትል ማጥመድ ትቻለሁ።"

"እንዲያውም ዓሣዎቹ ከአንተ በፊት ነው የጾሙ። አንድም ወደ አንተ ሲመጣ አላየንም።"

ቤቱ ሳቀ። ባዘዘው ቢስቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሱ ግን ተነሣ። "የሚመጣው ወር ተረኛ እኔ ነኝ። በቤቴ ሽሮ አታዩም። በእጄ ያጠመድሁትን ዓሣ አበላችኋለሁ።"

"አምስቱን እንጀራ እኛ እናምጣ?" አለ የሺዋስ። "ለመሆኑ ዓሣውን ባታመጣስ?"

"ባላመጣ ዘንጉን ውሰድና ሥጋ ስቀልበት። እኔም ከዚያ ወዲያ ወንዝ ዳር አልታይም።"

"ማኅበሩ ሰምቷል" አሉ አቶ ገዳሙ። ጽዋው መካከላችን ነበር፤ በጽዋ ፊት የተባለ ነገር ደግሞ ቀልድ ነበር ተብሎ አይመለስም።

ሌሎቹ እየሳቁ ወጡ። እኔ አልሳቅሁም። ዘንግ ከመያዙ በፊት የነበረውን ባዘዘው ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ክር በተበጠሰ ቁጥር መቀስ ይወረውር ነበር፤ ሁለት ጊዜ እኔ ዝቅ ብዬ አልፎኛል። ዘንጉ ከሄደ መቀሱ ይመለሳል ብዬ ፈራሁ። ለማንም ግን አልተናገርሁም።

ሚስቱ ወለተ ሐዋርያት ወሬውን ስትሰማ አልተቆጣችም። "ጥሩ ነው" ነው ያለች። "እኔ ግን ለመጠባበቂያ ብዬ ሽሮ አልሠራም። ያልኸውን አብላ።"

እንግዲህ ሥጋ ሳይሆን ሥጋ የሚመስል ነገር መፈለግ ሆነ ሥራችን። መጀመሪያ ሊጥ ሞከረ። ሊጡን ትንንሾቹ ዙሪያውን ልሰው ልሰው ጨረሱት፤ ትልቁ ዞሮም አላየው። የዶሮ ላባ አመጣሁለት። ላባ የዶሮ ነው፣ ዶሮ ፍስክ ነው ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ የልብስ ሰፊነቱን ዓይን አወጣ። ከሚስቱ የሻይ ማንኪያዎች አንዱን እጀታውን ቆርጦ ብረት በያጁ ጋ አስበሳው። ከተቀደደ ጃኬት የዚፕ ራስ ፈታ። ከጥለት የተረፈ የሳባ ክር፣ ያን የሚያብረቀርቀውን፣ እንደ ጅራት አድርጎ መንጠቆ ላይ አሰረ። ሦስቱንም በባልዲ ውኃ ውስጥ እየጎተተ ሲያያቸው፣ ሱሪው ያልደረሰለት ደንበኛ ቆሞ ያየው ነበር።

"ሐሙስ ና" አለው ከባልዲው ቀና ሳይል።

ሳላጋንን ልናገርና፣ ስለ ውኃው ያወቀው ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። በዚያ ወራት ጠዋት ውርጭ ስለሚጥል ዓሣው ታች ተኝቶ አይነቃነቅም፤ አምስት ሰዓት ገደማ ፀሐይ አለቱን ስታሞቀው ነው ወደ ዳር የሚጠጋ። ውኃው ከክረምቱ በኋላ ስለሚጠራ አንተ ሳታየው እሱ ያይሃል። ስለዚህ ነጭ ጋቢውን ትቶ ቡናማ ብርድ ልብስ ለብሶ፣ አለት ተደግፎ፣ ጥላው ውኃው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቆ ይቆማል። ማንኪያው ለደመና ቀን ነው፤ በፀሐይ ሲሆን ብልጭታው በዝቶ ያስደነግጣል። ለጠራ ውኃና ለፀሐይ ትንሽ ነገር ይሻላል። አጎታተቱም እንዲህ ነው፤ ሳብ፣ ሳብ፣ ከዚያ ተወት። የተጎዳ ዓሣ እንደሚንገዳገድ ማስመሰል ነው። ነጩ የሚነክሰው ስትስበው ሳይሆን ስትተወው ነው። "ሰው ነው ብዬህ የለ" አለኝ ባዘዘው። "ከሮጥህበት ይሸሻል፣ ከተውኸው ይመጣል።"

ታኅሣሥ ስድስት ቀን በዚፑ አንድ ትልቅ ነከሰለት። ዘንጉ ጎበጠ። ባዘዘው አንድ እግሩ ውኃ ውስጥ ገባ። ከዚያ ክሩ ባዶውን ተመለሰ። ጫፉን ሳየው ተጠቅልሏል፤ የተበጠሰ ክር እንደዚያ አይጠቀለልም። የተፈታ ነው እንዲያ የሚሆን።

"ናይለኑ የማይረባ ነው" አለ።

ናይለኑ ደህና ነበር። የማይረባው ቋጠሮው ነው። ባዘዘው መንጠቆውን ያሰረው የልብስ ሰፊ ቋጠሮ፣ ክርን በጣት ዞር አድርጎ በሚሳበው ዓይነት ነው። ጥጥ ጥጥን ይይዛል፣ ናይለን ግን ራሱንም አይዝ። ይህን እዚያው አይቼዋለሁ። የተናገርሁት ግን በሦስተኛው ቀን ነው። ሃያ ሦስት ዓመት የከተማውን ሱሪ የያዘ ቋጠሮ ነውና ምን ብዬ ልጀምር።

ስነግረው አኮረፈ። ደግነቱ ልጁ መቅዲ ቅዳሜ ከደብረ ማርቆስ መጣች፤ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማር። ነገሩን ስትሰማ ስልኳን አውጥታ የፈረንጅ ዓሣ አጥማጆች አሳየችን። አንደኛው ጥቁር መነጽር አድርጎ ከእኛ ሚኒባስ የሚበልጥ ጀልባ ላይ ቆሟል። ከፊቱ ያለው ሳጥን ውስጥ ሁለት መቶ የሚሆን የፕላስቲክ ትል፣ የፕላስቲክ እንቁራሪት፣ የፕላስቲክ ዓሣ ተደርድሯል። አንድ አፈ ሰፊ ዓሣ ያዘ፤ አቅፎ ፎቶ ተነሣ፤ ሳመው፤ መልሶ ውኃ ውስጥ ለቀቀው።

ባዘዘው ስልኩን ነጥቆ አፍጥጦ አየ። "ለቀቀው?"

"አዎ አባዬ። ለመዝናናት ነው የሚያጠምዱ።"

"ጀልባውስ?"

"እሱም ለመዝናናት ነው።"

ባዘዘው ራሱን ነቀነቀ። "የዚህ ሰው ደም ግፊት ምን ያህል ቢሆን ነው?"

ቋጠሮውን ግን አየ። ክሩን በመንጠቆው ቀለበት አሳልፎ፣ ጫፉን በራሱ በክሩ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ መጠምጠም፤ ከዚያ ጫፉን ወደ ቀለበቱ በቀረበችው ቀዳዳ መልሶ ማስገባት፤ ከመሳቡ በፊት በምራቅ ማርጠብ፤ በደረቁ ከተሳበ ክሩ ይቃጠላል። ባዘዘው ምራቁ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። "ምራቅ እንግዲህ በጾም…"

"በውኃ አርጥበው፣ አባዬ" አለች መቅዲ ቶሎ ብላ። ንስሐ አባታቸው ዳግመኛ እንዳይጠየቁ ያዳነቻቸው እሷ ናት።

ያን ሳምንት ያገኘውን ሁሉ በዚያ ቋጠሮ አሰረ። መንጠቆ ከስፌት መኪናው እግር ጋር አስሮ ሲጎትት መኪናው ከነጠረጴዛው ተከተለው። የደንበኛ ኮት ቁልፍ ሳይቀር በናይለን ቋጠረ። አንድ መምህር መጥቶ ቁልፉን ለመቀየር ቢሞክር ኮቱ ተቀደደ፣ ቁልፉ ግን ቀረ። ባዘዘው ከኮቱ ይልቅ ቁልፉን እያየ ደስ አለው።

በዚህ ሁሉ መካከል ዓሣ የለም። አሥራ ሁለት አለፈ፣ አሥራ አምስት አለፈ። የሺዋስ በየጠዋቱ በበረንዳው ያልፋል። አንድ ቀን ሜትር ይዞ መጥቶ ዘንጉን ለካ።

"ምን ትሠራለህ?" አለው ባዘዘው።

"አንድ ሙሉ የበግ ሥጋ ይችል እንደሆን ላውቅ ነው። ለገና ይደርስልኛል መቼም።"

የባዘዘው እጅ መቀሱ ላይ ነበር። እኔ በልማድ ዝቅ አልሁ።

ታኅሣሥ አሥራ ስምንት፣ የመጨረሻው ቀን፣ ሥራ ዘግተን ወረድን። ጠዋት ደመና ስለነበረ ማንኪያውን ጣለ፤ ምንም የለም። በጠፋው ምትክ ከሌላ ጃኬት የፈታውን ዚፕ ጣለ፤ አለት ሥር ተሰንቅሮ ቀረ። አዲሱ ቋጠሮ ስለማይፈታ ክሩ ራሱ እስኪበጠስ ድረስ ከአለቱ ጋር ተጓተተ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ፀሐይ ወጣች። የቀረችው የሳባ ክሯ ናት። ባዘዘው ሲቋጥር ሁለት ጊዜ አበላሽቶ ፈታ፤ በሦስተኛው ውኃ ነክሮ ቀስ ብሎ ሳበ፣ በጥርሱም ሞከረው።

ወረወረ። ሳብ፣ ሳብ፣ ተወት። ሳብ፣ ሳብ፣ ተወት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ዘንጉን ሥጋ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ነበር የማየው።

ሲተወው ነው የነከሰ።

ማጠንጠኛው እየጮኸ ዞረ። ባዘዘው አልጎተተም፤ ዘንጉን ሽቅብ ይዞ ለቀቀለት። ሲደክመው ሰበሰበ፣ ሲሮጥ ለቀቀ። "ቀስ በል" ይለዋል ዓሣውን፣ "ቀስ በል እንጂ፣ የት ትሄዳለህ፣ እኔም እንደ አንተ ነኝ።" እኔ እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም፤ ለደንበኛም፣ ለሚስቱም። ዳር ሲደርስ በነጠላዬ አቀፍሁት። ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር ነው። ባዘዘው ቁጭ አለ። መንጠቆውን ከከንፈሩ ሲያወጣ ቋጠሮው እንደነበረ ነው። ያን ቋጠሮ ከዓሣው አብልጦ አየው።

በማግስቱ፣ በገብርኤል ቀን፣ አሥራ ሦስት ሰዎች ሆነን በቤቱ ተሰበሰብን። ወለተ ሐዋርያት ግማሹን ጠብሳ ግማሹን በድልህ ሠርታ አቀረበች። ቄስ አምደሚካኤል ባረኩ። የሺዋስ ትሪውን እያየ አፍ የለውም። ባዘዘው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል፤ እኔም ምን ላርግ፣ ደስ አለኝ።

"በሉ፣ ባለቤት ይቅመስ" አሉ አቶ ገዳሙ። ጋባዥ ሳይቀምስ እንግዳ እጁን አይሰድም፤ የቆየ ደንብ ነው።

የባዘዘው ደረት ወረደ። "እኔ እንኳ ጠግቤያለሁ" አለ።

ጾም ነው። ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ የቀመሰ የለም።

"በምን ጠገብህ፣ በማንኪያው?" አለ የሺዋስ፤ አፉ ተመለሰለት።

ወለተ ሐዋርያት ከጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር። "በዕድሜው ዓሣ ቀምሶ አያውቅም" አለች። "ሽታውን አይችለውም። የሚበላለት አንሙት ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ለካ ሦስት ዓመት ቸርነት የመሰለኝ ነገር ይህ ኖሯል።

"አበላለሁ አልሁ እንጂ እበላለሁ መቼ አልሁ?" አለ ባዘዘው።

"ባለቤቱ ያልቀመሰው ማዕድ፣ ማዕድ አይደለም" አለ የሺዋስ። "ቀርቧል አይባልም። ዘንጉ የት ነው ያለ?"

አቶ ገዳሙ ባዘዘውን አዩ። ቄሱም አዩ። ዘንጉ ከበሩ ኋላ ቆሞ ነበር፤ ባዘዘው አንድ ጊዜ ወደዚያ ተመለከተ። ከዚያ አማተበና ቁራሽ አንሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። የጫማ ቆዳ እንደሚያኝክ ሰው አኘከ። ዋጠ። ቀጥሎ ፊቱ ቀላ፣ ጉሮሮውን ያዘ። እሾኩን አላወቀማ፤ ከየት ያውቀዋል። ከሁሉ ቀድሞ የተነሣው የሺዋስ ነው። በሥጋ ሻጭ መዳፉ ጀርባውን ሁለት ጊዜ ሲመታው እሾኳ ወጣች።

ባዘዘው ጠላ ጠጣና ዓይኑን ጠረገ። "ቀምሻለሁ" አለ።

ይህን ያየ ማኅበርተኛ ምን ያህል ጾመኛ እንደሆነ እግዚአብሔር ያውቃል። አንዱ አባቱ በጾም ዓሣ እንደማይበሉ ትዝ አለው። አንዱ ጥርሱን እንደሚያመው ተናገረ። የሺዋስ እሾኳን በጣቱ ይዞ "እኔ አጥንቱን አስቀድሜ የማላውቀውን ሥጋ አልበላም" አለ።

ቄስ አምደሚካኤል ዞር ዞር ብለው አዩን። "አንድ ወር ሙሉ ስለ መንጠቆው ጾም ስትከራከሩ፣ ከእናንተ ዓሣ የሚበላ ማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም?"

አልነበረም። ቄሱ እጅጌያቸውን ሰብስበው ቀረቡ። ለእኔም ጠቀሱኝ። ሁለታችን ያን ክንድ ከስንዝር ዓሣ እሾኩን እየለቀምን ስንበላ፣ ወለተ ሐዋርያት ሽሮውን አወጣች። አልሠራም ብላ ነበር፤ ግን ባሏን ካወቀችው ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሌሎቹ ሽሮው ላይ ሲረባረቡ ማንም ስለ ሰማዕቱ ዓሣ ደግሞ አላነሣም።

ከመነሣታችን በፊት አቶ ገዳሙ አጨበጨቡና ውሳኔ ተናገሩ። ዓሣው ስለቀረበ፣ ባለቤቱም ስለቀመሰ፣ ባዘዘው ቃሉን ጠብቋል፤ ዘንጉ የእሱ ነው። ነገር ግን ከዛሬ ጀምሮ ወደ ማኅበሩም ሆነ ወደ ማንኛችንም ቤት ዓሣ እንዳያመጣ፤ ማኅበርተኛውም ምን ያዝህ፣ ለምን ባዶህን መጣህ ብሎ እንዳይጠይቀው። የሺዋስ የተስማማው ከሁሉ ቀድሞ ነው።

ቅጣት መስሏቸው ነበር። እኔ ግን የባዘዘውን ፊት እያየሁ ነበር። ከሐኪሙ ጀምሮ እስከ ሚስቱ፣ ከሥጋ ሻጩ እስከ ራሱ ድረስ፣ ከዚያ ወንዝ አንድ ነገር ይዞ እንዲመለስ ያልጠበቀበት አልነበረም። አሁን አሥራ ሦስት ሰው በጽዋ ፊት ተስማምቶ ምንም እንዳይዝ ፈቀደለት። "አሜን" አለ፤ በማኅበር ውስጥ እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲል ሰምቼው አላውቅም። በቀጣዩ ቅዳሜ ዘንጉን በትከሻው አድርጎ በገበያው መካከል ሲወርድ፣ የሺዋስ ከተዘጋው ሥጋ ቤቱ በር ላይ ቆሞ እጁን አነሣለት እንጂ አንድ ቃል አልተናገረውም።